ሰኞ ማታ ስብሰባ የለም

በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሞርሞን ቤተክርስቲያን አዳራሾች ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አይፈቱም። አንድ ማታ ወጣቶች ቅርጫት ኳስ ይጫወቱባቸዋል፣ ሌላ ማታ መዘምራን ይለማመዱባቸዋል፣ ቅዳሜ ሠርግ ይደገስባቸዋል ወይም ከቀብር መልስ ሐዘንተኞች ምሳ ይበሉባቸዋል። ሰኞ ማታ ግን መብራቱ ይጠፋል፣ በሩም ይቆለፋል። ያን ማታ ስብሰባ አይጠራም። ምእመኑ የሚጠበቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ቤቱ፣ ልጆቹ ዘንድ።

የሃይማኖት ተቋም ሰውን ወደ ደጁ ሲጠራ እንጂ ወደ ቤቱ ሲመልስ ማየት ብዙም አልለመድንም። ሞርሞኖች ይህን ያደረጉት ልጅ ማሳደግን ከእምነታቸው ዳር ሳይሆን መሐል ስላስቀመጡት ነው። ይህ ምዕራፍ ያ ውሳኔ በአዘቦት ቀን፣ በተራ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን የሞርሞን ወላጆች ምን ያስደስታቸዋል? እንቅልፍ የሚነሳቸውስ ምንድን ነው? (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞት የማይበትነው ቤተሰብ

ሞርሞን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ ብዙ ሚስት ማግባትን፣ እንዲሁም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚዞሩ ወጣት ሰባኪዎችን። የመጀመሪያው ያለፈ ታሪክ ነው። ቤተክርስቲያኒቱ ከአንድ በላይ ማግባትን ማቆሟን በ1890 አስታውቃለች፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሰው ከአባልነት ይሰረዛል። ልማዱን የቀጠሉት ተገንጥለው የወጡ ትንንሽ ቡድኖች ናቸው። ሁለተኛው ግን ዛሬም አለ፤ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ጆሴፍ ስሚዝ ቤተክርስቲያኒቱን የመሠረተው በ1830 በኒውዮርክ ግዛት፣ ፋየት በተባለች የገጠር መንደር ነው። በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ ታስሮ ሳለ ሰብረው የገቡ ታጣቂዎች ገደሉት። ከተከታዮቹ ብዙዎቹን ብሪገም ያንግ እየመራ በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ አደረሳቸው፤ ዋና መሥሪያ ቤታቸውም እስካሁን እዚያው ነው። የቤተክርስቲያኒቱ ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን በ2018 ሁሉም ሰው በዚሁ ሙሉ ስም እንዲጠራት ጠይቀዋል። አንባቢ የለመደው አጭሩን ስለሆነ እዚህ በአጭሩ እንቀጥላለን።

ለእኛ ርእስ ቁልፉ አንድ እምነት ነው። ሞርሞኖች በቤተመቅደሳቸው የሚፈጽሙት ጋብቻ ሞትን ተሻግሮ ለዘላለም ይጸናል ብለው ያምናሉ። ከዚያ ጋብቻ የሚወለድ ልጅም በዚሁ ቃል ኪዳን ውስጥ ይወለዳል። ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ሩዝ የሚበትነው የሁለት ዓመት ሕፃን ለወላጆቹ አድጎ እስኪወጣ የሚጠብቁት አደራ ብቻ አይደለም፤ ከሞት ወዲያም ልጃቸው ሆኖ ይቀጥላል። ደስታቸውም ጭንቀታቸውም የሚቀዳው ከዚህ እምነት ነው።

ሳሎን ውስጥ

በ1915 በፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ዘመን ለአባላት አንድ ምክር ወጣ፤ ቤተሰብ ቀን ቆርጦ አብሮ ያምሽ፣ ይጸልይ፣ ይዘምር፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ያንብብ፣ ይጫወት የሚል። ለአሥርት ዓመታት ቀኑ እንደየቦታው ይለያይ ነበር። በ1970 ሰኞ ማታ ለሁሉም ተወሰነ። የሚያስቀው ነገር፣ ኤቢሲ ቴሌቪዥን የአሜሪካን እግር ኳስ ሰኞ ማታ በቀጥታ ማስተላለፍ የጀመረው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ኳስ ወዳዱ የሞርሞን አባት ሰኞ በመጣ ቁጥር ይፈተናል።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ምሽቱ ይህን ይመስላል። ግድግዳው ላይ ትንንሽ መንጠቆዎች ያሉት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከላይ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ትምህርት፣ ጨዋታ፣ ጣፋጭ የሚል ተጽፎበታል፤ ከሥሩ የቤተሰቡ አባላት ስም በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየረ ይንጠለጠላል። ጣፋጭ የደረሳት የአራት ዓመቷ ልጅ ከቀትር ጀምራ ወጥ ቤቱን አትለቅም። ጸሎት የደረሰው የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ያኮርፋል፤ እሱ የፈለገው ጨዋታውን ነው። በስንት ልመና ተንበርክኮ ፈጣሪን ስለ ውሻቸው፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ዳይኖሰሮችና እንደገና ስለ ውሻቸው ያመሰግናል። አባት ስለ እውነተኛነት አምስት ደቂቃ ለማስተማር ተዘጋጅቷል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ሕፃኑ ሶፋው ሥር ገብቶ አልወጣም ይላል። እናት እግሩን ትጎትታለች፤ ትልቁ ይስቃል፤ የአራት ዓመቷ «ጣፋጩ መቼ ነው?» ትላለች።

ጣፋጩ ኩኪስ ወይም ጄሎ ሊሆን ይችላል። ዩታዎች ይህን የሚንቀጠቀጥ ባለቀለም ጣፋጭ ከመውደዳቸው የተነሣ የግዛቱ ምክር ቤት በ2001 ይፋዊ መክሰስ ብሎ ሰይሞታል።

ሞርሞኖች ራሳቸው ይህን ምሽት በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት የሚያልቅ ብቸኛው ጠብ እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ እውነት አለው፤ ምሽቱ እንደታሰበው የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የሰሌዳውን ሥራ ልብ ማለት ይገባል። ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር በተራው ሰው ፊት ይቆማል፣ መዝሙር ይመርጣል፣ ጸሎት ያሰማል፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ጣፋጭ ያድላል። ትምህርቱ ቢረሳ እንኳ ተራው አይረሳም። በዚያ ቤት ትንሹ ልጅም ሥራ አለው።

እሑድ፣ አግዳሚው ላይ

ሞርሞን የሚሄድበትን አጥቢያ አይመርጥም። የሚወስነው መኖሪያው ነው፤ ወሰኑ በካርታ ተሰምሯል። ስለዚህ እሑድ ከኋላው የሚቀመጠው ሰው ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ሲያወጣ የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው። ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲሮጥ፣ ጫማውን ሲወረውር የሚያየውም ያው ጎረቤት ነው።

ከ1980 ጀምሮ የእሑዱ ፕሮግራም ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ከ2019 መግቢያ አንሥቶ ሁለት ሰዓት ሆኗል። የተቀነሰው ሰዓት ቤት ውስጥ ለሚደረግ ንባብ እንዲውል ነው የታሰበው። ትንንሽ ልጆች ያሉት ወላጅ ግን ዜናውን ሲሰማ መጀመሪያ ያለው «እፎይ» ቢሆን አይፈረድበትም።

በመጀመሪያው ሰዓት ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። ልጆች ተለይተው አይወጡም፤ የሚጠባውም የሚድኸውም ከወላጁ ጋር ይቀመጣል። ቁራሽ ዳቦና በትንንሽ ኩባያዎች የተቀዳ ውኃ በትሪ ይዞራል፤ ወይን የለም። ትሪውን ተሸክመው በየረድፉ የሚያልፉት በአብዛኛው 12 ዓመት ገደማ የሆናቸው ወንዶች ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ እናትም ቦርሳዋን የምትከፍተው ያን ጊዜ ነው።

ከቦርሳው የሚወጣው የታወቀ ነው፤ የቀለም እርሳስ፣ ከጨርቅ የተሰፋ ዚፕና ቁልፍ ያለው ድምፅ የማያሰማ የሕፃን መጽሐፍ፣ እና ቺሪዮስ። ቺሪዮስ በትንንሽ ቀለበት መልክ የሚሠራ የአጃ ቁርስ ነው። አንድ በአንድ እየለቀሙ መብላት ጊዜ ይወስዳል፤ ወላጆች የሚፈልጉትም ይህን ነው። ችግሩ ዕቃው ሲደፋ ነው። ቀለበቶቹ ከአግዳሚ ሥር አግዳሚ እየተንከባለሉ ሦስተኛው ረድፍ ይደርሳሉ። ከፊት ያሉት አሮጊት ሁለቱን አንሥተው፣ ዞር ሳይሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ያቀብላሉ። በዚያ ጸጥታ መካከል ልጁ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ «ጨረስን?» ይላል። አባት ብድግ አድርጎት ወደ ኮሪደር ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ልጅ ያቀፉ ሌሎች አባቶች ከወዲያ ወዲህ ሲንጎራደዱ ያገኛል፤ ስብከቱን ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ይሰማሉ።

አባት የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ የሆነባቸው ቤቶችም አሉ። የሞርሞን አጥቢያ መሪዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም። ቢሾፕ የሚባለው የአጥቢያው መሪ በአዘቦት ቀን የጥርስ ሐኪም፣ መምህር ወይም ነጋዴ ነው፤ አምስት ዓመት ገደማ ያገለግልና ተራውን ለሌላ ይለቃል። እሑድ እሑድ መድረኩ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ባለቤቱ ከታች አራት ልጅ ብቻዋን ይዛ ትታገላለች። ጉባኤው ሁሉ ባልየውን ሲያመሰግን የአገልግሎቱ ክብደት ግማሽ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ይህን የሚያውቁ ሴቶች ሳይጠየቁ መጥተው አጠገቧ ይቀመጡና አንዱን ልጅ ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ።

በሁለተኛው ሰዓት እፎይታው ይመጣል። ልጅ 18 ወር ሲሞላው መጫወቻና መክሰስ ወዳለበት የሕፃናት ክፍል ይገባል፤ ወላጅ ያቺን ቀን በጉጉት ይጠብቃታል። በዓመት አንድ እሑድ ደግሞ ልጆቹ የአዋቂዎቹን ሰዓት ተረክበው ይዘምራሉ፣ በየተራ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ። አንዷ እናቷን ፈልጋ እጇን ታውለበልባለች፤ አንዱ ማይክሮፎኑን አልለቅም ይላል። የሙዚቃ ጥራት የሚፈልግ ያን ቀን ባይመጣ ይሻላል። አያቶች ግን ከሌላ ከተማ ነድተው ይመጣሉ።

ሐብሐብ የሚሰርቁት ልጆች

እሑድ ልጆቹን የሚያስተምረው፣ «ፕራይመሪ» የሚባለው የልጆች ድርጅት የተወለደው ከአንዲት እናት ጭንቀት ነው። ኦሬሊያ ስፔንሰር ሞርሞኖች በ1846 ኢሊኖይ ውስጥ ካለችው ከናቩ ከተማ ሲሰደዱ እናቷን በመንገድ ላይ ቀበረች። አባቷ ኦርሰን ስፔንሰር ብዙም ሳይቆዩ በሚሲዮን ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ልጆቹ ታላቅ እህታቸውን ኤለንን እንደ እናት ይዘው፣ በ1848 ከሌሎች ስደተኞች ጋር ረጅሙን ሜዳ አቋርጠው ሶልት ሌክ ገቡ። ኦሬሊያ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ኦሬሊያ ሮጀርስ ተብላ ፋርሚንግተን በተባለች የዩታ ከተማ ስትኖር፣ እስከ ውድቅት በየመንገዱ የሚንከራተቱት ወንዶች ልጆች ያሳስቧት ጀመር። እነዚህ ልጆች ነገ ምን ዓይነት ባል ይሆናሉ ብላ የሴቶች መሪ የነበረችውን ኤላይዛ ስኖውን ጠየቀች። ሐሳቡ ወደ ላይ ሄዶ ተፈቀደ። መጀመሪያ የታሰበው ለወንዶች ብቻ ነበር፤ መዝሙሩ እንዲያምር የሴቶች ልጆች ድምፅ ያስፈልጋል ተባለና እነሱም ተጨመሩ። ኦገስት 25 ቀን 1878 በፋርሚንግተን የድንጋይ ቤተክርስቲያን ከ200 በላይ ልጆች ተሰበሰቡ። ኦሬሊያ ለወንዶቹ የሰው አጸድና የሐብሐብ እርሻ ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር መሆኑን፣ ለሴቶቹ ደግሞ የሚሄድ ጋሪ ላይ መንጠልጠል እንደማይገባ ነገረቻቸው።

ያለ እናት ያደገች ሴት የጎረቤቶቿን ልጆች ሁሉ የምታስተምርበት ድርጅት ማቋቋሟ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያወረሰችው አሠራርም እስካሁን አልተለወጠም። የአራት ዓመቱን ልጅ ዛሬ እሑድ የሚያስተምረው ደመወዝተኛ አይደለም፤ ቢሾፑ ጠርቶ ኃላፊነት የሰጠው የሠፈሩ ሰው ነው። ልጅ የማሳደጉ ሸክም በወላጆች ትከሻ ላይ ብቻ አይቀርም።

ስምንተኛው ልደት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሞርሞኖች እዚህ ላይ ይለያሉ። ሕፃን ማጥመቅን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ክፉና ደጉን ያልለየ ልጅ ኃጢአት የለበትም ብለው ያስተምራሉ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው የሞተ ልጅም ያለ ጥምቀት መንግሥተ ሰማያት ይገባል ይላሉ። ልጅ ለቀበረ ወላጅ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ለአራስ ልጅ የሚደረግለት ስም ማውጣትና ምርቃት ነው፤ አባትና ሌሎች ወንዶች ክብ ሠርተው ሕፃኑን መሐል ይይዙና አባት ይመርቀዋል።

ስምንት ዓመት ግን ቁርጥ ያለ ዕድሜ ነው። ልጁ ነጭ ይለብሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠምቀው አባቱ ነው፤ እሱም ነጭ ለብሶ ሙቅ ውኃ ያለበት ገንዳ ውስጥ አብሮት ይቆማል። መላ አካል መስጠም አለበት። ከገንዳው ዳር ሁለት ምስክሮች አተኩረው ያያሉ፤ የእግር ጣት ወይም የፀጉር ጫፍ ከውኃው በላይ ከቀረ ሥርዓቱ ይደገማል። ለዚህም ነው ልጆች በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አፍንጫ ይዞ መስመጥን ቀደም ብለው የሚለማመዱት። ከ2019 ወዲህ የተጠመቀ ሰው ሁሉ ምስክር መሆን ስለሚችል፣ የዘጠኝ ዓመት እህት ለስምንት ዓመት ወንድሟ ልትመሰክር ትችላለች። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይበላል።

ጭንቀቱም ይህን ተከትሎ ይመጣል። ትምህርቱ ልጁ ራሱ መምረጥ አለበት ይላል። ይሁንና ጓደኞቹ ሁሉ ከተጠመቁ፣ አያቶቹ የአውሮፕላን ቲኬት ከቆረጡ፣ ኬኩ ከታዘዘ በኋላ «አልፈልግም» የሚል የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል? ብዙ ወላጆችን ይህ ይከነክናቸዋል። አንዳንዶች ለወራት ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ጥቂቶች ደግሞ ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ ያዘገያሉ፤ የዘመድ ወሬውንም ይችሉታል።

ጾምና ጽዋ

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የጾም ቀን ነው። አቅም ያለው ሁለት ምግብ ይዘልላል፤ የምግቡን ዋጋና ከተቻለ ከዚያ በላይ ለተቸገሩ ይሰጣል። ትንንሽ ልጆች አይጾሙም፤ ግን ያያሉ፣ ይጠይቃሉም። ያልተበላው ቁርስ ለሌላ ሰው ምሳ እንደሚሆን መገንዘብ የሚጀምሩት በዚህ ዕድሜ ነው።

ይህ ልማድ አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ ደርሷል። ረኃቡ በኢትዮጵያ በጸናበት ወቅት፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ልዩ ጾም እንዲጾሙ ተጠሩ፤ በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የቤተክርስቲያኒቱ ባለሥልጣን ራስል ባላርድም የእርዳታውን ሁኔታ ለማየት ኢትዮጵያ ድረስ መጡ። ዛሬ ቤተክርስቲያኒቱ በዓለም ዙሪያ የምታካሂደው የእርዳታ ሥራ ትልቅ መነሻ ያገኘው ከዚያ ጾም ነው።

ሌላው የቤት ሕግ ጽዋውን ይመለከታል። ከ1833 በመጣ ትምህርት መሠረት ሞርሞን አልኮል፣ ትምባሆ፣ ሻይና ቡና አይቀምስም። በክረምት ልጆች ሙቅ ቸኮሌት ይጠጣሉ። አዋቂዎቹ ሱሳቸውን ለለስላሳ መጠጥ ሰጥተዋል፤ በ2010 ሴንት ጆርጅ ከተማ የተከፈተው ስዊግ ለስላሳን ከሽሮፕና ከክሬም እየቀላቀለ በመሸጥ ስም አትርፏል፤ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣ እናት በመኪናዋ መስኮት ተቀብላ ትሄዳለች። ዩታ ውስጥ ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ጎረቤቱም አይጠጣም። አዲስ አበባ ለሚኖር የዚህ ቤተክርስቲያን አባል ግን ከባድ ፈተና ነው። ጉርብትና የሚጠናው ረከቦት ዙሪያ በሆነበት አገር፣ «ቡና ጠጡ» ተብሎ ሲጠራ ሄዶ ፈንዲሻውን እየበላ ሲኒውን ማሳለፍ አለበት። ምክንያቱን ለጎረቤትም፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጁም ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የእናት ሒሳብ

ፒው የምርምር ማዕከል በ2014 ባደረገው ጥናት ከ40 እስከ 59 ዓመት ያሉ የአሜሪካ ሞርሞኖች በአማካይ 3.4 ልጆች ወልደዋል፤ የአገሩ አማካይ 2.1 ነበር። ዛሬ ግን ዩታም እንደ ቀድሞው አይደለችም። ለረጅም ጊዜ በወሊድ ብዛት ከግዛቶቹ ሁሉ ስትመራ ቆይታ፣ አሁን ትውልድን ለመተካት ከሚያስፈልገው ቁጥር በታች ወርዳለች። ወጣት ጥንዶች የቤት ዋጋ፣ የትምህርት ክፍያና አሥር በመቶ አሥራት ደምረው ሲያሰሉ አራተኛውን ልጅ ያዘገዩታል።

ከሒሳቡ የሚከብደው የሥራ ጥያቄ ነው። በ1987 ፕሬዚዳንት ኤዝራ ታፍት ቤንሰን እናቶች ከሥራ ይልቅ ቤታቸውን እንዲመርጡ አጥብቀው መከሩ። በ1995 የወጣው የቤተሰብ አዋጅ ደግሞ ልጆችን መንከባከብ በዋነኛነት የእናት፣ ማስተዳደር የአባት ኃላፊነት ነው አለ፤ ሁለቱ በእኩልነት እንዲረዳዱም ጨመረ። ብዙ ሴቶች ያንን ሰምተው ሥራቸውን ተዉ። በ2022 ዓለም አቀፉን የሴቶች ማኅበር እንዲመሩ የተሾሙት ካሚል ጆንሰን ግን ሦስት ወንዶች ልጆች እያሳደጉ ለአሥርት ዓመታት በጥብቅና የሠሩ ሴት ናቸው። ለወጣቷ እናት ይህ የምሥራች ነው። በ1987 ሥራዋን ለተወችው ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ «ታዲያ እኔ ለምን?»

በዚህ ላይ ፍጹም የመሆን ግፊት አለ። ጎረቤቷ ዳቦዋን ራሷ ትጋግራለች፣ የልጆቿ ልብስ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰኞ ማታዋ አይናወጥም (ወይም ከውጭ ሲታይ እንደዚያ ይመስላል)። ወሰኑ በካርታ የተሰመረ አጥቢያ ማምለጫ የለውም፤ የምትወዳደረው በየቀኑ ከምታያቸው ሰዎች ጋር ነው።

ሚዛኑን የሚያስተካክለው ያው ጉርብትና ነው። ሴት ስትወልድ የሴቶች መረዳጃ ማኅበሩ ወረቀት ያዞራል፤ ማን በየትኛው ማታ እራት እንደሚያመጣ ይመዘገባል። ድንችና አይብ በምጣድ፣ ሾርባ፣ ትኩስ ዳቦ በር ላይ ይደርሳል። አንዷ ትልልቆቹን ልጆች ትወስዳለች፣ ሌላዋ ልብስ ታጥፋለች። አራስ ጥየቃ ገንፎ ይዞ መሄድን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሞርሞኖቹ በወረቀት መዝግበው፣ በኃላፊ አስይዘው መሥራታቸው ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌላትም፣ ትናንት ሠፈሩ የገባችም አትዘለልም።

ትልቁ ስጋት

አሁን ወደ ሰባኪዎቹ እንመለስ። ከ2012 ጀምሮ ወንድ ልጅ 18 ሲሞላው ለሁለት ዓመት ሚሲዮን መሄድ ይችላል። ቀድሞ ቤቱ የሚደውለው ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዶለታል። የአራት ዓመቱ ልጅ ስለዚህ ጉዞ መዝሙር እየዘመረ ነው የሚያድገው።

ግን ሁሉም አይሄድም፤ ሁሉም አይቆይም። ፒው በ2007 ባደረገው ጥናት ሞርሞን ሆነው ካደጉት 70 በመቶው በእምነቱ ቀጥለው ነበር፤ በ2014 ይህ ቁጥር 64 በመቶ ሆነ። ለሌላ ወላጅ የልጅ ሃይማኖት መተው ሐዘን ነው። ቤተሰብ ለዘላለም አብሮ ይኖራል ብሎ ለሚያምን ግን በዚያኛው ዓለም አንድ ልጅ ይጎድልብኛል የሚል ፍርሃት ይሆንበታል።

ይህ ፍርሃት ልጁ ገና ቺሪዮስ በሚበላበት ዕድሜ ይጀምራል። ሰኞ ማታ ጸሎቱ ሲበላሽ ወላጁን የሚያናድደው የአንድ ማታ ነገር አይመስለውም። ተቋሙም አንዳንዴ ጭንቀቱን አባብሶታል። ቢሾፕ ልጆችን ለብቻ ጠርቶ ስለ ንጽሕናቸው መጠየቁ ወላጆችን አስቆጥቶ፣ በ2018 ልጁ ከፈለገ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮት እንዲገባ ተፈቀደ። በ2015 የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው እንዳይጠመቁ የሚያደርግ መመሪያ ወጣ፤ ብዙ ቤተሰቦች አዘኑበት፣ በ2019 ተሻረ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የሞርሞን ቤተሰብ ብርታቱ ሥርዓቱ ላይ ነው፤ የተቆረጠ ማታ፣ ለትንሹም የተሰጠ ተራ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ጎረቤት። ድካሙ ደግሞ የአንድን ልጅ ማኩረፍ ከዘላለም ጋር ማያያዙ ነው። የመጀመሪያውን የማንም እምነት ተከታይ ሊወስደው ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሐበሻ አባትም ሆነ አዲስ አበባ አምሽታ የምትገባ እናት በሳምንት አንድ ማታ መቁረጥ ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። ቀኑን ዛሬ ይምረጡ፣ ስልኩን ያጥፉ፣ ለትንሹ ልጅዎ ሥራ ይስጡት። ምሽቱ ቢበላሽ አይደንግጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ቀን እንደገና ይቀመጡ።